ለሁለት የተካፈልነው ሰውዬ

ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ይዞኝ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ላስቲክ ሥር ተጠልዬ ነበር። ዝም ብዬ ላለመቆም ከደረደራቸው መጻሕፍት አንዱን አነሳሁና ገለጥኩት። የጭስ ሽታ ወጣ። የሻጋታ ሽታ ቢሆን መልሼ አስቀምጠው ነበር፤ አሮጌ ወረቀት ሁሉ ይሻግታል። ይህ ግን የጓዳ ጭስ ነበር፤ በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ሲነድ የሚወጣው፣ ቅቤ ቅቤ የሚል፣ ከዓይን ይልቅ ጉሮሮ የሚይዝ። መጽሐፉን ወደ ፊቴ አስጠግቼ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ሻጩ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ወንድሜ፣ ታነበዋለህ ወይስ ትበላዋለህ?»

አስቀመጥኩት። ርዕሱን እንኳ አላየሁም። ዝናቡ ላስቲኩን ሲደበድብ እየሰማሁ ወደ አሥር ዓመት ልጅነቴ ተመልሼ ነበር፤ አያቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ።

ያኔ የምንኖረው በአያቴ በአቶ ሄራሞ ግቢ ነበር፤ ከሶዶ በላይ፣ ዳሞታ ተራራ ዳገቱ በሚጀምርበት ቦታ። አባቴ አርባ ምንጭ ይሠራ ስለነበር እኔና እናቴ ከእሳቸው ጋር ነበርን። አባባ እላቸዋለሁ። ከግቢያችን በታች የእንሰት ረድፍ አለ፤ ከእንሰቱ ማዶ የታናሽ ወንድማቸው የአቶ ላሊሶ ቤት ነው። በእንሰቱ መካከል ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኝ ቀጭን መንገድ ነበር። በዚያ ክረምት መንገዱ ሣር በቅሎበት ነበር። ልጅ ስለነበርኩ መንገድ ሣር የሚያበቅለው ስለዘነበ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ስላልረገጠው መሆኑን አላውቅም።

ጠቡ የመጣው በጊፋታ ነው። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ መስከረም ሲጋመስ ይመጣል። ዘመድ ተሰብስቦ በሬ ይገዛል፤ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት የቤተሰቡ ታላቅ ይመርቃል፤ ከዚያ ታርዶ ለየቤቱ ድርሻ ይወጣል። ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ጊፋታ ዋዜማ ሳምንት አባባ ለልቅሶ ወደ እናታቸው አገር ወደ ሃላሌ ሄደው ነበር። ሲመለሱ መንገዱ በጭቃ ተይዞ ዘገዩ። የደረሱት ሲመሽ ነው። በሬው ታርዷል፤ ድርሻቸው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አቶ ላሊሶ ደመናው ሲከብድ፣ ልጆች ሲያለቅሱ ጊዜ፣ «ጋሼ እንደሆነ መንገድ ላይ ነው» ብለው አስጀምረው ነበር። አባባ ጥቅሉን ከግድግዳው አወረዱ፣ ወደ ደጅ ወጡ፣ ፈቱትና ለውሻ ጣሉት።

ስለዚህ ሁለቱም ተበድለዋል። የአንዱ ታላቅነት ተዘሎ በሬው ታረደ፤ የሌላው እጅ ያወጣው ድርሻ ለውሻ ተሰጠ። ሽማግሌዎች መጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መጡ። አባባ «ታናሽ ይምጣ» አሉ። አቶ ላሊሶ «ለውሻ የሰጠ ይምጣ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

«ዘንድሮም በቂም ከተሻገሩ» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር እየላጠች፣ «ጠቡ የእነሱ መሆኑ ይቀራል። ለእናንተ ይወርዳል።»

የሚወርድ ነገር ሲባል ከተራራው ላይ የሚመጣ ጎርፍ ነበር የሚታየኝ። ማርታ ከወዲያ ማዶ፣ እኔ ከወዲህ ማዶ፣ ደፍራሽ ውሃ በመካከላችን። ማርታ የአቶ ላሊሶ የልጅ ልጅ ናት፤ እኩያዬ፣ በእንጨት ወንጭፍ ከእኔ የተሻለች።

መጽሐፎቹ የመጡት በሰኔ መጨረሻ ነው። የአባባና የአቶ ላሊሶ የእህት ልጅ፣ ተስፋዬ የሚባል መምህር፣ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሊሄድ ዕቃውን ሲያካፍል ነበር። አልጋውን ለአንዱ፣ ጀሪካኑን ለአንዱ። በመጨረሻ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ቀሩ። ስለ አንድ የሩቅ አገር መሪ የተጻፉ ናቸው፤ ለሕዝቡ ሲታገል ብዙ ዘመን ታስሮ፣ ከእስር ወጥቶ አገሩን ያለ ደም ያስታረቀ ሰው። አንዱ የመጀመሪያው ክፍል፣ ሌላው ሁለተኛው ክፍል። ተስፋዬ እንደ ደንቡ አደረገ። በእኛ ቤት ነገር ሲካፈል በታላቅነት ነው፤ የበሬ ሥጋም፣ የእናት ጋቢም። የመጀመሪያውን ክፍል ለታላቁ፣ ሁለተኛውን ለታናሹ ሰጥቶ ሄደ። አንድ ታሪክ እንደ ሥጋ እንደማይቆረጥ ማንም አላሰበም። ተስፋዬም አላሰበም፤ መምህር ሆኖ እንኳ።

አባባ ማንበብ የተማሩት በጎልማሳነት ዘመናቸው፣ ማታ ማታ ነው። የመጽሐፉን ሽፋን በጋዜጣ ለበዱት፤ ከመለበዳቸው በፊት ግን አይቼዋለሁ። ጥቁር ፀጉር ያለው ወጣት ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ ያያል። አባባ ዝናቡ ሲጀምር ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው አማርኛውን በልባቸው ያነቡና ቀና ብለው በወላይትኛ ይነግሩናል። ሰውዬው የሚናገርበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ያወፍሩና ቃሉን እንደ ሃላሌ ሰዎች ይጎትቱታል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ጠይቄ አላውቅም። እኔ ግን የማያጠራጥር ነገር አገኘሁበት፦ ሰውዬው የሃላሌ ሰው ነው፤ ምናልባትም የአባባ የአጎት ልጅ።

በውሃ በተከበበ ቦታ እንደታሰረ ገና በመግቢያው ሲነበብ ደግሞ ቦታውን አወቅኩት። ሰማዩ ሲጠራ ከግቢያችን ጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ላየ ሰው አባያ ሐይቅ ይታያል፤ እንደ ተጣለ ቆርቆሮ ያበራል። በውስጡ ጥቁር ነጥብ አለ። ሰውዬው እዚያ ነው። ደመናው ተገልጦ ሐይቁ ሲታይ እጄን ዓይኔ ላይ ከልዬ እቆማለሁ፤ ሰውዬው ዞር ሲል የማይ ይመስለኛል። ጭጋግ ወርዶ ሐይቁን ሲሸፍነው ሰውዬውን ማታ ብርድ ልብስ ያለበሱት መስሎኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ክፍል ነሐሴ ሲገባ አለቀ። ሰውዬው ወደ እስር ቤቱ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። አባባ ገጹን ገለጡ፤ ባዶ ነው። ሌላ ገለጡ፤ ሽፋኑ ነው። መጽሐፉን ገልብጠው እንደ ዱባ ቸብ ቸብ አደረጉት።

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

«ይቀጥላል ይላል።»

«የት?»

አባባ የጋዜጣውን ልባድ አስተካከሉ። እናቴ ግን አንገቷን ወደ እንሰቱ ረድፍ አዞረች፤ እኔም የምታየውን አየሁ። የአቶ ላሊሶ ጣሪያ ላይ ጭስ ተኝቷል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ማለትም ገባኝ ብዬ አመንኩ። ሰውዬው ሐይቁ ውስጥ አይደለም፤ የያዙት አቶ ላሊሶ ናቸው። በሩን ዘግተውበታል፤ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው። አባባ የሚቆጡት ለዚህ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአቶ ላሊሶ ግቢ አጠገብ ሳልፍ ጆሮዬን እጥላለሁ። አንዴ ከጓዳ ሳል ሰማሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያ ሳል አለምኩ።

በነጋታው ማርታን ቦኖው ላይ አገኘኋት። ወረፋው ረጅም ነው፤ ጀሪካኖቹ ተሰልፈዋል፣ ባለቤቶቻቸው ዛፍ ሥር ተጠልለዋል።

«ሰውዬውን ለምን አትለቁትም?» አልኳት።

«የቱን ሰውዬ?»

«የታሰረውን። የእኛን።»

ማርታ አገጯን ወደ ላይ አነሳች። «ከወጣ ቆየ! አሁን ካሰሩት ሰዎች ጋር ሻይ እየጠጣ ነው። አባባ ላሊሶ ትናንት አነበቡልን።»

«ውሸታም። ፀጉሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ። ይስቃል ደግሞ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ነው። የእኛው ጥቁር ነው። አይስቅም።»

በዚህ ተጣላን፤ የማን ጀሪካን እንደሚቀድም እስኪረሳን ድረስ። ከኋላችን የነበረች ሴትዮ «እናንተ የሄራሞና የላሊሶ ዘሮች፣ ውሃ ላይ እንኳ ሰላም የላችሁም?» ብላ አልፋን ቀዳች።

ስንመለስ ማርታ ጀሪካኗን አስቀምጣ ቆመች። አሁን ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምን አድርገውት ነው? አባባ ላሊሶ አልገባቸውም። መጽሐፉ ሲጀምር ሰውዬው ከእስር ይወጣል፣ ሕዝቡ ሁሉ ያለቅሳል። ከዚያ ከአሳሪው ጋር ተጨባብጦ ሲቀመጥ አሁንም ያለቅሳሉ። አባባ ላሊሶ ምን ይላሉ መሰለህ፣ ‹ሻይ መጠጣት ምን ያስለቅሳል?›»

ነገርኳት። የተባረረበትን፣ የተደበቀበትን፣ ችሎቱን፣ እናቱን ሳይሰናበት መሄዱን፣ በሩን። ማርታ አፏን ከፍታ ሰማች። ጀሪካኗን ስታነሳ «ለዚህ ነው እንዴ» አለች፣ ለራሷ።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱ ሌላ ሆነ። በየቀኑ ቦኖው ላይ እንገበያያለን፤ እኔ የበደሉን፣ እሷ የይቅርታውን። እሷ የኔን ወስዳ ለአቶ ላሊሶ ትነግራለች፤ እኔ የሷን ይዤ ምድጃው አጠገብ እቀመጣለሁ። አባባ የመጀመሪያውን ክፍል እንደገና ከፊቱ ጀምረው ነበር፤ ሌላ የሚያነቡት የላቸውም። ሰውዬው መውጣቱን ስነግራቸው ጣታቸው መስመሩ ላይ ቆመ።

«ማን ነገረህ?»

«ማርታ።»

«እሷስ ከማን ሰማች?»

ዓይኔን ወደ እንሰቱ ማዶ አዞርኩ። እንጨት አስተካከሉ። ሲቆይ፣ እሳቱን እያዩ፣ ማንንም ሳይጠሩ እንዲህ አሉ፦

«ሲታረቁ ማን ቀድሞ ሄደ? እሱ ወደ እነሱ ነው ወይስ እነሱ ወደ እሱ? ... ልጅቷን ስታገኛት፣ እንዲያው ነገር ስታመጣ፣ ጠይቃት።»

ጠየቅኳት። በማግሥቱ መልሱን አመጣች፤ ቃሉን እንዳይጠፋባት መንገዱን ሁሉ ስትደጋግመው መጥታለች። «ሰውዬው ራሱ ነው ቀድሞ የሄደው። ትልቅ ስለሆነ። ትልቅ ሰው ነው ቀድሞ የሚሄደው ብለዋል።»

ይህን ስነግራቸው አባባ ሳቅም ሳልም የሆነ ድምፅ አወጡ። «የመጀመሪያውን ክፍል ቢያነብ እንዲህ አይልም ነበር በላቸው። በደሉን ማን እንደጀመረ እዚያ ላይ ነው ያለው።»

አቶ ላሊሶ ደግሞ በማርታ አፍ፦ «ሁለተኛውን ሳያነብ የመጀመሪያውን ስንት ጊዜ ቢደግም ከእስር ቤት አይወጣም።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ቅቤውን የምታስቀምጥበትን ቅል ከድና ወገቧን ያዘች። «ሁለት ሽማግሌ በአንድ ሰውዬ! እሱስ አገር አስታረቀ። እናንተን ቢያገኝ ተመልሶ ይታሰር ነበር።» ከዚያ አባባ ስለነበሩ ደንግጣ አፏን ያዘች። አባባ ገጽ ገለጡ። የሚያነቡ ይመስሉ ነበር፤ ጣታቸው ግን አይንቀሳቀስም።

መስከረም ገባ። ዝናቡ ቀጠነ፣ ጭጋጉ ግን ጠዋት ጠዋት ከዳሞታ እየወረደ በእንሰቱ መካከል ይቀመጥ ነበር። ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ ማንጠር ጀመሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሸተተ። ዘመዶቻችን በሬ ገዙ፤ ቀይ፣ አንድ ቀንዱ ወደ ታች የዞረ። የሚታረደው በአቶ ላሊሶ ግቢ ነው። አባባ ግን በዚያ ዓመት ቅርጫ አልገባም አሉ።

«ሥጋ ለጥርሴም አይሆነኝ።»

እናቴ ወደ ቅቤዋ ተመለሰች። እኔ ግን የሚወርደውን ጎርፍ በዚያ ሳምንት ሁለት ሌሊት አለምኩት። ማርታ ከማዶ ሆና የሆነ ነገር ትጮኻለች፤ ውሃው ቃሏን ይወስደዋል።

የእርዱ ቀን በጠዋት ድምፆች ከእንሰቱ ማዶ መጡ፤ ቢላዋ በድንጋይ ሲሳል፣ ወንዶች ሲጠራሩ፣ በሬው ሲያጉረመርም። ጭጋጉ ወፍራም ስለነበር ምንም አይታይም፤ ድምፅ ብቻ። እኛ የተቀቀለ ቦዬ ይዘን ተቀመጥን። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው በራፉ ላይ፣ መጽሐፉ ጉልበታቸው ላይ። እርዱን እየጠበቅን ነበር፤ ሲያልቅ ጩኸቱ ይለወጣል። ግን አልተለወጠም። ረፋድ ሆነ። ቢላዋ የሚስለው ሰው ተወው። አንድ ወጣት «ይህ በሬ በእርጅና ሊሞት ነው!» ብሎ ሲጮኽ ሰዎች ሳቁ፤ ቆይቶ ሳቁም ቀረ። ሕፃን ልጅ ማልቀስ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ።

በጭጋጉ ውስጥ፣ በሣሩ መንገድ ላይ፣ ማርታ ብቅ አለች። እስከ ጉልበቷ ርሳለች። ከጠቡ ወዲህ በዚያ መንገድ የመጣ ሰው አላየሁም።

«አባባ ላሊሶ አላርድም ብለዋል» አለች።

እናቴ ተነሳች። «ምነው? ምን ሆኑ?»

«ምንም። በሬው አጠገብ በርጩማ አምጥተው ተቀመጡ። ቢላዋው ጭናቸው ላይ ነው። ሲጠይቋቸው ዝም ይላሉ።»

«አባባን ጥሪ ብለውሻል?» አልኳት እኔ።

ማርታ አሰበች፤ መዋሸት እንደፈለገች ፊቷ ላይ ታየኝ። «አላሉም» አለች።

አባባ ከሐይቁ አቅጣጫ ፊታቸውን ሳያነሱ «ሳይጠራኝ አልሄድም» አሉ።

«እርስዎ ካልሄዱ አያርዱም» አለች እናቴ።

«አልጠራኝም።»

«አላረዱምም።»

ማርታ በራፉ ላይ ተቀምጣ ከቦዬው በላች። ጭጋጉ ቀስ እያለ ሳሳ። መጀመሪያ የእንሰቱ ጫፍ ታየ፣ ከዚያ የማዶው ጣሪያ፣ ከዚያ ከጣሪያው ሥር የቆሙ ሰዎች፤ ሁሉም ወደ እኛ ዞረዋል። አንዳቸውም አይጠሩም፣ አይጠቁሙም። በመካከላቸው ቀዩ በሬ፤ ከበሬው አጠገብ ጎንበስ ብሎ የተቀመጠ ሰው። ለእኔ በሕልም እንደሚታይ ነገር ነበር፤ ሁሉም እየጠበቀ፣ ምን እንደሚጠብቅ ማንም ሳይናገር።

በሬው ጮኸ።

አባባ ጆሯቸውን አዘነበሉ። መጽሐፉን ለእናቴ ሰጧት፣ ከዘራቸውን ፈለጉ።

«ድምፁ ደርቋል» አሉ። «ውሃ አላጠጡትም መሰለኝ። እንስሳ ውሃ አይነፈግም። ልየው።»

እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔና ማርታ ተከተልናቸው። ሣሩ ከባድ ነበር፤ የሱሪያቸው ጫፍ ወዲያው ጠቆረ። አንድ ቦታ ላይ አንሸራተታቸው፤ ክንዳቸውን ልይዝ ስል በከዘራቸው ገፋ አደረጉኝ።

ግቢው ሲደርሱ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። አባባ ማንንም ሰላም አላሉም። በቀጥታ ወደ በሬው ሄደው እጃቸውን ግንባሩ ላይ አኖሩ፤ በዞረው ቀንድ ሥር።

«ውሃ ጠጥቷል?» አሉ፣ ለበሬው ይመስል።

አቶ ላሊሶ ከበርጩማው ተነሱ። ቢላዋውን ወደ ጀርባቸው ወሰዱት። ፂማቸው ከአባባ ይበልጥ ሸብቷል፤ ያን ቀን ከቅርብ አየሁት።

«ጠጥቷል፣ ጋሼ።»

በሬው ተነፈሰ፤ እስትንፋሱ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያ አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔና ማርታ አጠገባቸው ስለነበርን ግን ሰማን።

«ያ ሰውዬ። ቀድሞ የሄደው እሱ ነው ብለሃል። ገጹን ታሳየኛለህ?»

አቶ ላሊሶ መሬቱን አዩ። «ገጹ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ማን ቀድሞ እንደሄደ አይናገርም። ተገናኙ ነው የሚለው። ደጋግሜ ፈለግኩ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

አባባ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መስሎኝ ፈራሁ። ሳቅ ነበር። ድምፅ የሌለው፣ ከጋቢው ሥር የሚንተከተክ፣ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ሳቅ። አቶ ላሊሶ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ እሳቸውም ጀመሩ፣ ቢላዋው ከጀርባቸው እየተወዛወዘ፤ አንዱ ዘመድ ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወሰደው።

«ከልጅነትህ እንዲህ ነህ» አሉ አባባ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። «ተረት ስታወራ ለራስህ ትጨምራለህ።»

ስለ ውሻውም ሆነ ስለ አምናው ቢላዋ ማንም አንዲት ቃል አላነሳም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲያም።

አባባ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ምርቃቱ ረጅም ነበር። በሬውን፣ እርሻውን፣ የተሻገረውን ዓመትና የሚመጣውን መረቁ፤ አርባ ምንጭ ያለውን አባቴን፣ ዕቃውን አካፍሎ የሄደውን ተስፋዬን መረቁ። በመጨረሻ በሩቅ አገር ያለውን ሰውዬ በስሙ ጠርተው መረቁት፤ ከዘመዶቻችን ግማሾቹ ይህ ማን ነው ብለው ተያዩ፣ ቢሆንም «አሜን» አሉ። ሕፃናቱ ማልቀሳቸውን አላቆሙም። አባባ እጃቸውን አወረዱ፣ ቢላዋውን ከያዘው ሰው ተቀብለው እጀታውን ወደ ወንድማቸው አዞሩት።

«እረድ እንግዲህ» አሉ። «ልጆቹ ተርበዋል።»